ሎሚን ከሾኔ ካመጣኋት ወዲህ

ሆሳዕና፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰውነትሽ ጤና፣ ልብሽም ትንሽ ያረፈ ሆኖ እንዲያገኝሽ እግዚአብሔርን እለምናለሁ። እንዴት ነሽ? ምግብ በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? በክረምቱ ያስቸግርሽ የነበረው ሳል ተወሽ ወይ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲሆን ይይዛታል፤ ይሁንና እሑድ እሑድ ቅዳሴ የምትሄደው በእግሯ ነው። የእኔ ዓይን ደክሟል። ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ አትሳቂብኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ አቢጋኤል ናት። የት እንዳለሽ አልጠየቅኋትም። አብራሽ የተማረች ጓደኛሽ ስለሆነች ታውቃለች ብዬ ገምቼ፣ «ለልጄ አንድ ነገር ብጽፍ ታደርሺልኛለሽ?» አልኳት። «ፖስታውን ያሽጉት፤ አድራሻ ግን አይጻፉበት» አለችኝ። እሺ አልኩ። በስልክ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር አይወጣኝም ነበር።

ስለ በቀቀንሽ ስለ ሎሚ ልንገርሽ። ሞታለች ብለሽ እንዳታስቢ፤ እኛ ዘንድ ናት።

ነሐሴ ላይ ከቤትሽ ከወጣሽ በኋላ ባልሽ ታዴዎስ ጋ ቀርታ ነበር። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደወለልኝና፣ «የልጅዎን በቀቀን ይውሰዱልኝ፤ ካልሆነ አንገቷን ጠምዝዤ እጥላታለሁ» አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ። አሁን ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ሾኔ ሄድኩ። ሎሚን ያገኘኋት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ሥር ነው። ያቺ መንገዱ ሲሰፋ ከተቆረጠው ዋንዛ ውስጥ በጫጩትነቷ ያገኘሻት፣ በቆሎ እያኘክሽ ያሳደግሻት፣ ልጠይቅሽ ስመጣ ትከሻሽ ላይ ተቀምጣ ጆሮሽን የምትነካካው ወፍ ናት ብሎ ማመን አቃተኝ። የደረቷን ላባ ነቅላ ጨርሳዋለች። ግንባሯ ላይ ያለው ቢጫ ብቻ ነው የቀራት። የሽቦ ጎጆዋን በጆንያ ሸፍኜ በሚኒባስ አመጣኋት። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች በቀቀን መሆኗን ሲሰሙ «ትናገራለች?» እያሉ ጠየቁኝ። ምንም አትልም ነበር። እስከ ሆሳዕና አንዲት ድምፅ አልወጣትም።

አራት ቀን ሙሉ እኛ እያየን አልበላችም። እኔ እንደምታውቂኝ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የማይታዘዘኝ ፍጥረት ያለ አይመስለኝም ነበር። በአምስተኛው ቀን በግድም ቢሆን ትልመደኝ ብዬ እጄን ጎጆው ውስጥ ከተትኩ። አውራ ጣቴን እስኪደማ ነከሰችኝ። ጮኽኩባት፤ ጎጆውንም በመዳፌ መታሁት። ክንፏን ዘርግታ ወለሉ ላይ ወደቀችና አፏን ከፍታ ታለከልክ ጀመር። እናትሽ ከማድ ቤት መጣች። ወደ እኔ ሳትመለከት ጎጆውን አንሥታ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

አቢጋኤል ያን ሰሞን የጎረቤታችንን ጥጃ ልትከትብ መጥታ ነበር። አሁን ሌሞ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆናለች። ሎሚን አሳየኋት። መጀመሪያ ያየችው ያስቀመጥኩላትን አቮካዶ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ይገድላታል!» ብላ በእጇ ጠርጋ አወጣችው። እኔ ምርጡን መስጠቴ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ጎጆውን ከወለል አንሥቼ ግድግዳ አስጠግቼ እንዳስቀምጥ፣ ከኋላዋ ሰው እንዳይመጣባት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መጥቼ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ። ፊት ለፊት እንዳላፈጥባት። ዝግ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር እንዳነብ፤ የሱፍ ፍሬ አኑሬላት እንድሄድ። «በሰውነቷ እምቢ ስትል ያቁሙ» አለችኝ። «ማቆም እንደሚችሉ ካየች ያን ጊዜ ትቀርባለች።» እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኋት። ጊዜውን የምትወስነው እሷ እንጂ እርስዎ አይደሉም አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ወንበሬን ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። የማነበው ሳጣ የድሮ የጂኦግራፊ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ስለ ቢላቴና ስለ ጊቤ፣ ስለ ኦሞ ተፋሰስ ለአንዲት ወፍ አስተማርኩ። ወንበሬን በሳምንት አንድ ስንዝር ያህል አስጠጋለሁ፤ ላባዋን ስትሰበስብ ደግሞ መልሼ አርቃለሁ። እናትሽ ግን ምንም እንዲህ ያለ ጣጣ አላስፈለጋትም። በሁለተኛው ወር ሎሚ ትከሻዋ ላይ ወጥታ ነበር። እናትሽ በከምባትኛ እያናገረቻት ጎመን ትቀነጥሳለች። ትንሽ ቀናሁ ብል አልዋሽም። እንዴት አደረግሽው ብላት፣ «የምትፈራውን ነገር አላደርግባትም» ብቻ አለችኝ።

እኔም የምትፈራውን ነገር ቀስ በቀስ ለየሁ። በራችን ላይ ሞተር ሳይክል ሲቆም፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንጨቷ ላይ ተለጥፋ ትደርቃለች። አንድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቀበቶዬን ላላ አደረግሁ። የዘለበቱ ብረት ቃ ሲል ሎሚ ጮኸች፤ ጭንቅላቷን ጎጆው ጥግ ወሽቃ ተንቀጠቀጠች።

ልጄ፣ ቀበቶዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሞተር የሚነዳው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ካቻምና ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲዘንብ ወደ እኛ የመጣሽበት ቀን ትዝ አለኝ። እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሰሽ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጠሽ እንኳ እጅጌሽን አልሰበሰብሽም። አይቻለሁ። አላየሁም ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ልትነግሪኝ ጀመርሽ፤ እኔ ደግሞ ሳትጨርሺ ሽማግሌ ጠራሁ። አቶ ኃይለመለኮትና ሌሎቹ መጥተው መከሩሽ፤ ታዴዎስም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ አለ፤ እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ። በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ቦርሳሽን ተሸክሜ አብሬሽ ሄድኩ። የሾኔውን መኪና በር የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ። አላለቀስሽም። «እሺ አባዬ» አልሽኝ፤ እሱ ብቻ ነው ያልሽው። እኔም ልጄ ምክር ሰማች ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ቀበቶውን ከዚያ እሑድ በኋላ ሎሚ ባለችበት ክፍል አላደርገውም። ሱሪዬን በገመድ እያሰርኩ እቀመጣለሁ።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት የሱፍ ፍሬ ከጣቴ ወሰደች። አንገቷን ረጅም አድርጋ፣ እግሯ ወደ ኋላ ለመሸሽ ተዘጋጅቶ፣ ጫፏን ያዝ አድርጋ ወሰደች። የቀረውን ፍሬ አኑሬላት ወንበሬን ይዤ ወጣሁ።

ከጥምቀት በኋላ ታዴዎስ ከአቶ ኃይለመለኮት ጋር መጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዟል፤ ጫማውን ጠራርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠን። አቶ ኃይለመለኮት ትዳር ፈርሶ መቅረት እንደሌለበት፣ ቤተ ክርስቲያን የባረከችውን ሰው እንዳይለየው በሰፊው ተናገሩ። ታዴዎስ ያለሽበትን ቦታ እንድነግረው ለመነኝ። ድምፁ የለሰለሰ ነበር። ሎሚን ባላያት ኖሮ ምናልባት ያኔም አምነው ነበር። እሷ ግን ገና ደጅ ድምፁን ስትሰማ ጎጆዋ ወለል ላይ ወርዳ፣ በሦስት ወር ያበቀለችውን ላባ እያየሁ ትነቅለው ነበር።

የት እንዳለች አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርህም አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ያኔ መኪና ላይ ጭነው የላኩልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ምን ተገኘ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተነሥቼ፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ወደ አንተ የሚመለስ ሰው የለም፤ ውጣልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። እጄም ተነሥቶ ነበር። ልመታው ይሁን በሩን ላሳየው አላውቅም። አቶ ኃይለመለኮት እያጉረመረሙ ይዘውት ወጡ። አሁን ሰላም አይሉኝም፤ አይበሉኝ።

ልጄ፣ ይህን ስጽፍልሽ ጀግና ሆንኩ ለማለት አይደለም። እነሱ ወጥተው ዞር ስል እናትሽን አየኋት። የጮኽኩት በእሷ ላይ አልነበረም። እሷ ግን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ ቆማለች። እጄ አሁንም እንደ ተነሣ ነበር። አወረድኩት። «ቁጭ በል» አለችኝ በቀስታ፤ «ወፏ ትፈራለች።»

ቁጭ አልኩ። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም።

ከዚያ ወዲህ እናትሽ ወዳለችበት ክፍል ስገባ አስቀድሜ እጠራታለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አንቺን ነዪ አልልሽም። ያለሽበትንም ንገሪኝ አልልሽም። ማልደሽም ሆነ መሽቶብሽ ብትመጪ ግን የሚጠራብሽ ሽማግሌ የለም። ያን ጊዜ የጀመርሽውን ነገር ልትጨርሺው ከፈለግሽ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ካልፈለግሽም አልጠይቅሽም። መኪናው በር ላይ ስላደረግሁት ነገር ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ይቅር ባትዪኝም አባትነቴ አይቀርም።

እዚህ ጋ ላበቃ ነበር። ከማሸጌ በፊት ግን ለእናትሽ አነበብኩላት። ድንች እየላጠች ሰማችኝ። ስለ ሎሚ ያለው ላይ አንዴ ፈገግ አለች፤ ስለ ግድግዳው ያለው ላይ ቢላዋው ቆመ። ስጨርስ፣ «አንድ ነገር ጨምርልኝ» አለችኝ።

አንቺ ሳትወለጂ፣ በመስቀል ሰሞን፣ እናትሽ ሳትነግረኝ አንጋጫ አባቷ ቤት ሄዳ ነበር። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እየሳቅሁ አውርቼልሻለሁ፤ የወላጆቿ ናፍቆት አላስቀምጣት ብሎ እንደ ሄደች፣ በስምንተኛው ቀን አባቷ ራሳቸው ይዘዋት እንደ መጡ፣ እኔም በግ አርጄ እንደ ተቀበልኳቸው። እናትሽ፣ «ለመስቀል አልነበረም የሄድኩት ብለህ ጻፍላት» አለችኝ።

ጻፍኩልሽ። ከማን ሸሽታ እንደ ሄደች አውቃለሁ። እሷ ድንቿን ልጣ ጨረሰች።

እመቤታችን ማርያም በምትወጪበትም በምትገቢበትም ከጎንሽ ትሁን። የምታድሪበት ቤት በሩ በገዛ እጅሽ የሚዘጋና የሚከፈት ይሁን። እህል ውኃው ይስማማሽ፤ ክፉ ሰው አያግኝሽ። እናትሽ ሁለቱን ጉንጭሽን ትስማለች።

የሚወድሽ፣ ዘግይቶም ቢሆን የሰማሽ
አባትሽ