የዝሆኖቹ ሥዕል በወንድሜ ቤት

ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ መተማ ዮሐንስ

የሟቹ ልጄ የአስናቀ የነበረውን ሥዕል ዛሬ ወንድሜ ሙላት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። እንግሊዞች መድፋቸውን በዝሆን ጭነው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የሚያሳይ የድሮ የእንግሊዝ ሥዕል ነው። አስናቀ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኖቹ ገላባት ነው የገዛው። «እማዬ፣ ሠዓሊው ለዝሆኑ የተጨነቀውን ያህል ለእኛ ሰዎች አልተጨነቀም» እያለ ይስቅ ነበር። ጥጉን ምስጥ በልቶታል፤ አልሳሳትም።

ለውትድርና ሲፈልጉት አብደራፊ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ደበቅሁት። ሥዕሉን ከልብሱ ጋር የጠቀለልኩለት እኔው ነኝ። ቦታውን የነገርኩት ለሙላት ብቻ ነው፤ ስንቅ እንዲያደርስልኝ ብዬ። «ሳልደርስ ወስደውታል» አለኝ። አመንኩት። ከግንባር መርዶው ሲመጣ ከእኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ዛሬ ሥዕሉን ሳየው ሙላት አየኝ።

«ከቤት ሲወጣ ለማስታወሻ የሰጠኝ ነው፣ እታለም» አለኝ።

ምንም አልጠየቅሁትም ነበር። ሥዕሉ ግን ከአስናቀ ጋር አብደራፊ ድረስ ሄዷል። እስከ አብደራፊ መርቶ ያስያዘው እሱ ነው ማለት ነው። የገዛ ልጁ የአስናቀ እኩያ ሆኖ ሳለ ለውትድርና ለምን እንዳልነኩት አሁን ገባኝ።

ልጁ ከጓዳ ወጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

«ምነው ከስተዋል፣ እትዬ?» አለኝ።

እሱ ምን ያውቃል? እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ። «እደግ» ማለት ወጉ ነው። ዓይኔን ግን ወደ ሥዕሉ መለስኩ። ልጁም ምርቃቴን እየጠበቀ እንዳጎነበሰ ቆየ።