ጣሪያው «የመሻሻል ዕድል» ያለው ስለመሆኑ

ለክቡር ኢንጂነር ሬናን ባልዲቪዬሶ፣
የቆርቆሮ ማዕድን ማውጫችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከላፓዝ የአመራርና የተግባቦት ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ፊትዎ እንደ አዲስ ሳህን ያበራልና መቼም ደህና ነዎት። እኛ ከመሬት በታች ያለነው ለጊዜው በሕይወት አለን። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ሬዲዮ እንዲነበብ የሰጠሁት ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ መጥቼ ሳላንኳኳ ስለተመለስኩ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና። ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ወደ ዋሻው ከመግባታችን በፊት ደጃፉ ላይ ተቀምጠን፣ የኮካ ቅጠል በጉንጫችን ወትፈን፣ ተራራው ትናንት ምን እንዳለ እንነጋገር ነበር። አንዱ «በግራ በኩል ውኃ ጀምሯል» ይላል፤ ሌላው «ምሰሶው አጉረምርሞብኛል፣ ዛሬ እዚያ አታቁሙኝ» ይላል፤ የሰማውን ሳይናገር የሚነሣ አልነበረም። እርስዎ ይህን «የስንፍና ጉባኤ» ብለው አስቀሩልንና ቆመን እያጨበጨብን «ዛሬ ድንቅ ቀን ነው» እንድንል አደረጉን። እጃችን ሞቋል፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ክፉ ቃል ስለመከልከልዎ። ድጋፍ እንጨት የሚያቆሙት ሽማግሌው ዶን ኤውስታኪዮ በጭብጨባው መሐል «ኢንጂነር፣ የታችኛው ዋሻ ጣሪያ ተሰንጥቋል» ቢሉ፣ «ተሰንጥቋል አይባልም፤ የመሻሻል ዕድል አለው ነው የሚባለው። ደግሞ ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘህ ና» አሏቸው። እሳቸውም ታዛዥ ናቸውና «መፍትሔውማ አለመግባት ነው» አሉ። አመለካከታቸውን እንዲያስተካክሉ ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን እንዴት ያምራል፤ ትንፍሽ የሚል የለም።

ሦስተኛውንም በጨዋታ ልጽፈው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። አበልጄ ዊልበር የሚቆፍረው እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ትናንት ጋሪዬን እየገፋሁ ሳልፍ ጠጠር ሄልሜቱን ኳ ሲያደርገው ሰማሁና «አበልጄ፣ ኧረ ውጣ» አልኩት። «አንተ ደግሞ፣ እንደ ሽማግሌው ልታስባርረኝ ነው? የማበላው አራት አፍ አለብኝ እኮ» ብሎ ሣቀ። አፉ ሲስቅ ዓይኑ ግን ከጣሪያው ላይ አልወረደም። እኔም ጋሪዬን ገፍቼ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ምራቄ ደርቆ ቅጠሉ እንኳ አፌ ውስጥ አልርስ ብሎኛል።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ሆኜ የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ የታችኛውን ዋሻ ይዝጉልን፤ ዶን ኤውስታኪዮን ይመልሱልን፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ ድሮው ተቀምጠን እንድንፈራ ይፍቀዱልን።

ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም፣ ማጨብጨቢያ እጄ እስካለ ድረስ የማከብርዎ፣
ዛካሪያስ ኮልኬ፣ ጋሪ ገፊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ለድርጅቱ መጽሔት ፎቶ ሊነሡ እታችኛው ዋሻ ድረስ ወርደውልን ነበር። እንጨቱ አንዴ ቋ ቢል፣ ክቡርነትዎ ማንንም «ውጡ» ሳይሉ ከሁላችንም ቀድመው ፀሐይ ላይ ተገኙ። ስለ ጣሪያው እስከ ዛሬ ከሰጡን መግለጫ ሁሉ እንደዚያ ግልጽ የሆነ አልሰማንም። ዊልበር ግን ያን ዕለት ፈረቃው ስላልነበረ አመለጠው። እባክዎ ሰኞ ከመግባቱ በፊት ይድገሙለት።