ማሽኑን ያስጾምንበት ቅዳሜ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣ ለአቶ ሀብተወልድ፣ ደሴ

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ከደሴ ብርድ ጋር ተስማማ? ስደውል ስልኩን ቶሎ ስለሚዘጉብኝ ደብዳቤ መረጥኩ፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም።

ስለ ረብሻው ብዙ አይስጉ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የጅማ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ሚኒባሱ ይሠራል። ሰበታን ልቀቂ ያሉኝን አስቤበታለሁ። ግን እዚህ ደስ ብሎኛል፣ በተለይ ሰሞኑን። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት።

የብስኩት ፋብሪካችን መጠቅለያ ማሽን ከጥቅምት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በራሱ ይቆም ጀመር። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበር፤ ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ግን ከቅዳሜ በቀር በየቀኑ ሆነ። ተጠርቼ ሮጬ እደርሳለሁ፣ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፍቼ ሽቦውን ሁሉ እለካለሁ፣ ሁሉም ደህና። ሳስነሳው ይነሳል። ሐኪም ቤት በር ሲደርስ የጥርስ ሕመሙ የሚተወው ሰው አለ አይደል? እንደዚያ። «ሰነፍ ብልሽት ጮሆ ይሰበራል፣ ብልጡ ግን ሰው ሲያየው ይተኛል» ይሉ የነበረው ትዝ አለኝ። ጋራዥ ሳሉ እርስዎን ያናደደዎት ሁሉ አሁን እኔን አናደደኝ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ እስራኤል ግን ጥፋተኛውን ያገኙ መሰላቸው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ከድሩ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የአባቱ ማሳ ከአጥራችን ጀርባ ነው። ተቃውሞው ሲበረታ የማሽኑም መቆም በረታ። ዓርብ ዓርብማ ከድሩ ከጁምዓ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ነው የሚቆመው። «አንቺ ማሽኑ ደህና ነው ካልሽ፣ የቀረው ሰውየው ነው» አሉኝ። አንድ ዓርብ አገዱት፤ ሰኞ ለፖሊስ እንደሚያስረክቡትም ነገሩን። በዚህ ሰሞን እንዲህ ተብሎ ለፖሊስ የተሰጠ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ስምንት ዓመት የሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ያሉት ሰው ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብስኩቱን የምትደረድረውን ሙሉዬን ዛሬ ምሳ አብረን እንብላ አልኳት።

«ዛሬማ እመጣለሁ» አለች።

«ሌላ ቀንስ ለምን እምቢ ትይኛለሽ?»

«ኧረ ኢንጂነር፣ ነቢያት ገብቶ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። ለምሳ ስለማንወጣ ማሽኑን ሳናጠፋ እንሠራና ቀደም ብለን ወደ ቤት። ከድሩም እኛን ብሎ ምሳውን ይተዋል፤ ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድም ማሽኑን እኔ እይዝለታለሁ።»

«ነቢያት ሳይገባስ?»

«ረቡዕና ዓርብ ነዋ።»

አባባ፣ የያዝኩት መፍቻ እጄ ላይ ቀረ። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ምሳዬን በስድስት ሰዓት እበላለሁ፣ አቶ እስራኤልም እንደዚሁ። ሁለታችንም ፋብሪካው ሁሉ አብሮን የሚበላ መስሎን ኖሯል። በጾም ቀን ማሽኑ አያርፍም፣ ይግላል። እኔ ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት ደግሞ ይበርዳል። እርስዎ ያስለመዱኝን ጾም ባልረሳ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይገባኝ ነበር። ይሳቁብኝ፣ ይገባዎታል።

አቶ እስራኤልን ለመንኳቸው። «ዛሬ ከድሩ የለም። ማሽኑን ለምሳ ሳናጠፋ እንየው» አልኩ። ሙሉዬ «ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ አይጾምም፣ ኃጢአት አታስገቢኝ» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ ሰዎቹ በየተራ በሉ፤ ማሽኑን ብቻ አስጾምነው። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ተኩል ሆነ፣ ምንም የለም። አቶ እስራኤል ሰዓታቸውን ደጋግመው ማየት ጀመሩ፤ እኔም ላብ አጠመቀኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ ማሽኑ ቀጥ አለ። ማሽን ተበላሸልን ብሎ ያጨበጨበ ፋብሪካ አይተው ያውቃሉ?

ከዚያ ሙሉዬ ከሰፈሯ ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተውሳ አመጣችልኝ። ማሽኑ ሲበርድ የመቆጣጠሪያውን ካርዶች በፎኑ ተራ በተራ አሞቅኩ። አንዱ ሲሞቅ ማሽኑ እንደገና ቆመ። ብየዳው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች፤ ሲግል ትከፈታለች፣ ሲበርድ ትገጥማለች። እዚያው በየድኳት።

ከድሩ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ መሄዱ ቀርቶ ሥራው ላይ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ በጾሙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ሠራን፣ ማሽኑ አንዴም አልቆመም። ከትናንት በስቲያ አቶ እስራኤል መጥተው «አሁን ሙሉ በሙሉ ይታመናል?» አሉኝ።

«ገና ነው። ሌላ ሁለት ሳምንት ልየው» አልኩ።

ከድሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔስ ኢንጂነር፣ ስንት ሳምንት ቀረኝ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። አቶ እስራኤል ሠራተኛው ሁሉ እያየ ይቅርታ ጠየቁት፤ ከልባቸው ነበር። እኔም ጠየቅኩት። ከድሩ ሁለታችንንም ጨብጦ «ራኮን ሂንጂሩ፣ ችግር የለም» አለና ወደ ማሽኑ ዞረ።

ማሽኑም ስፈትሸው እንደዚያው ይለኝ ነበር፣ አባባ። ስለዚህ ነገ ከሥራ በኋላ ከሙሉዬ ጋር ቤቱ እንሄዳለን፣ ከሚስቱ ጋርም እንቀመጣለን።

እርስዎም እኔ ቤተ ክርስቲያን ከቀየርኩ ወዲህ በስልክ «ችግር የለም» ይሉኛል። ለገና እመጣለሁ። ከቅዳሴ እስኪመለሱ ሳልተኛ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።

እስከዚያው አምላክ እርስዎን ከብርዱ ይከልልልኝ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ቢታንያ