ለድንቅነሽ፣ ስለ ቀዩ ትራክተር

ድንቄ፣

ከሄድሽ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ እንደማትልኪ አውቃለሁ፣ በሕይወት እያለሽም ለመልእክቴ ቶሎ አትመልሺም ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፣ አፌም ያው ነው። የምጽፍልሽ እንደ ልማዳችን በአማርኛ ነው። በሀዲይኛ ብጽፍ አይገባሽም፣ በአንቺ ወላይትኛ ብሞክር ደግሞ ስህተቴን ስትለቅሚ ደብዳቤው አያልቅልሽም። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር የተጣላነውም የታረቅነውም በዚሁ በአማርኛ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው። የሳሎኑን መጋረጃ አጥቤ አንዱ አጠረብኝ፤ ሌላውንም አጥፌ ሰቅዬዋለሁ። ትልቁ ወሬ አከራያችን የምንኖርበትን የትሮይቪሉን ግቢ መሸጡ ነው። አዲሱ ባለቤት እኔን አላስወጣኝም፣ ጓሮውን ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ባዶ አድርገህ አስረክበኝ አለኝ። መኪና ሊያቆምበት ነው። ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ።

ሀብታሞቹ ሰፈር ሣር ማጨጃ ትራክተሮቻቸው ሲያረጁ ከአጥር ውጭ ይጥሏቸው ነበር፣ እኔ በባኪ፣ በትንሿ የጭነት መኪና፣ ጭኜ አመጣቸው ነበር፣ አንቺ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ «ሌላ ሬሳ መጣ» ትዪ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ፣ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ እንቁላል ካርቶን ላይ እየደረደርኩ፣ መልሼ እየገጠምኩ ተማርኩ። አንድ ቀን ሱቃችን ውስጥ ለደንበኛ አንድ ካርቶን እንቁላል ብለሽ የቀዩን ትራክተር ብሎኖች ሸጥሽለት። ሰውዬው ከመንገድ ተመልሶ «ማማ፣ እነዚህን የጣለችው ዶሮ እንዴት ነች?» ያለሽን ትዝ ይልሻል? አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ አበሽቄሻለሁ።

ሁለቱን ትራክተሮች ሰው ወሰዳቸው። የቀረው ቀዩ ነበር። እሱ ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልነሳ አለ። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ካንዴላ ቀየርኩ። ኮይል ቀየርኩ። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲጠይቁኝ «ሐዘን ላይ ነው፣ አትረብሹት» እላቸው ነበር። ይስቃሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካርቡራተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ሳጥብ ቀልዱን ራሴ ማመን ጀምሬ ነበር።

ብረት የሚሰበስበው ሲፖም ትራክተሩ እንደማይነሳ ገብቶት ነበር። በየጠዋቱ ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግና «ማዳላ፣ ዛሬስ ሞተ?» ይለኛል። ማዳላ ሽማግሌው ማለቱ ነው። «አንተን ሳልቀብር አይሞትም» እለዋለሁ። አንድ ቀን ግን «ሰኞ መጥተህ ውሰደው» አልኩት። ወሩ ሊያልቅ ነበር። የማይነሳ ትራክተር ብረት ነው።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የእህቴ ልጅ ቃልኪዳን ከቶኮዛ መጣች። ስፓዛ ሱቋን ለባሏ ትታ ልትሰናበተው ነው የመጣችው፣ እኔን ሳይሆን ትራክተሩን። «አጎቴ፣ ለእማዬ ፎቶ ልላክላት» አለችና ወንበሩ ላይ የነበረውን ፌስታል ገፈፈችው። ፌስታሉን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ትራስሽ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው። ቁጭ አለች። እኔም እንደ ድሮው ጎኑ ቆሜ፣ ፎቶው እንዲያምርላት ብቻ ቁልፉን አዞርኩት።

ተነሳ።

ቃልኪዳን ጮኻ ወረደች። ሞተሩ ጠፋ። እጇን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳትና ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር ጤነኛ አይደለም!» አለችኝ። ወንበሩን ገልብጬ ሳይ፣ ከሥሩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ማብሪያ አለች። ሰው ሲቀመጥ ትጫናለች። ሰው ከሌለ እሳት አትሰጥም፤ ማሽኑ ባዶውን እንዳይሄድ አስበው ያደረጓት ነች። ዘጠኝ ዓመት ያንን ትራክተር ስፈታ ስገጥም አላየኋትም።

ማየት አላስፈለገኝማ። በሰኔና በሐምሌ ብርድ የግቢው ፀሐይ የምታርፈው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ስለነበረ ምስርሽን ልትለቅሚ ሰፌድሽን ይዘሽ ትቀመጪ ነበር። «ቆርቆሮህ ቢያንስ ወንበር አለው» ትዪኛለሽ። እኔ ከጎን ቁልፉን አዞራለሁ፣ ይነሳል፣ አንቺ ቀና እንኳ ሳትዪ ሰፌዱን በነጠላሽ ሸፍነሽ «ምስሬን ጭስ ጭስ አታሽትትብኝ!» ትያለሽ። እኔ እጄ የተባረከ መካኒክ መስሎኝ እኮራ ነበር። ካንቺ በኋላ ደግሞ ትራስሽ ላይ ማንንም አላስቀመጥኩም፣ እኔም አልተቀመጥኩም። ነገሩ ይኸው ነው። ማሽኑ አላዘነም፣ ሰው ነው ያጣው።

ሰኞ ሲፖ ሲመጣ ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅኩት። ጋሪውን አቁሞ አየኝና «ማዳላ፣ አታለልከኝ» አለ። የዛገውን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ አውልቄ ሰጠሁት፤ ባዶ እጁን አይሂድ ብዬ ነው።

ትራክተሩ አሁን ቶኮዛ፣ የነቃልኪዳን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሣሩን አጭዳለሁ። ቃልኪዳን ስልኳ ላይ ቪዲዮ አይታ «ሁለቱን ሽቦዎች ብታገናኛቸው ሰው ሳይቀመጥም ይነሳል» አለችኝ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ካቻቪቴውን አንስቼ ነበር፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

እኔ እስካለሁ ሽቦዎቹ አይገናኙም፣ ድንቄ። ትራስሽን አጥቤ መልሼዋለሁ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የማጭደው። ከእኔ በኋላ የሚነዳውም መጀመሪያ እዚያ መቀመጥ አለበት፤ ለምን ሲል የማን ቦታ እንደሆነ ይነገረዋል። ምስር መልቀም ግን ከእኔ አትጠብቂ፣ የተለቀመ ነው የምገዛው።