ሮኬቱና የያምሮት አውድማ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ያምሮት አልፋ ነበር። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም።

ዛሬ ምንም ልዩ ቀን አልነበረም። ሁለት ዩኒፎርም አሳጠርሁ፣ የአንድ ሱሪ ዚፕ ቀየርሁ። ከሰዓት በኋላ የፊዚክስ መምህርቷ ሕሊና መጣች። በፌስታል ቀይ ጨርቅ ይዛለች። አይጥ በልቶታል።

«እትየ ካሰች፣ ይህ ይሰፋል?»

«ምንድን ነው? የሕፃን ጃንጥላ?»

«የሮኬት ፓራሹት።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ የመጣ ሮኬት አለ አሉ… ተገጣጣሚ፣ ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ያለ። ሁለት ዓመት ዕቃ ቤት ተቀምጧል። መመሪያው ሠላሳ ገጽ እንግሊዝኛ። እሷ በሳምንት ሃያ ስምንት ክፍለ ጊዜ እያስተማረች መቼ ትሥራው? ወረቀቱን ተቀብዬ ሳገላብጥ አየችኝ።

«እንግሊዝኛ ያነባሉ እንዴ?»

«በመዝገበ ቃላት።»

«ማን አስተማረዎት?»

ጨርቁን መዘርጋት ጀመርሁ። ምን ልበላት? አንድ ደብዳቤ ነው ያስተማረኝ። የያምሮት ደብዳቤ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ከጀመርሁ ልጨርሰው።

ያምሮት የባሌ የዘሩ እኅት ናት። ቡሬ ሳለን ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ ስታሰላ ጣቷን አትቆጥርም። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተፈተነች፤ ላለፈ ደብዳቤ ይመጣለታል ተባለ። ደብዳቤው ሲመጣ ቤት የነበርሁት እኔ ብቻ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው ያመጣው። «አልፋለች በያት። በአሥራ አምስት ቀን ትመዝገብ» ብሎኝ ሄደ።

ልወልድ ቀናት ቀርተውኝ ነበር። እሷ ከሄደች ውኃውን ማን ይቀዳል? እኔንስ አራስ ሆኜ ማን ያየኛል? ከዱቄቱ ዕቃ ሥር ከተትሁት። ከአራስ ቤት ልውጣና እሰጣታለሁ እያልሁ… አሥራ አምስቱ ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ?

በዓመቱ ለጅጋ ገበሬ ተዳረች። ዘሩ ሞተ። ልጄን አዝዬ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ልጄ አሁን ባሕር ዳር ሥራ ይዟል። ፊደል የቆጠርሁት ያን ደብዳቤ ለማንበብ ነው፤ በማታ ትምህርት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ እንግሊዝኛውም ከዚያው የቀጠለ ነው። አንብቤ በጨረስሁ ዕለት አቃጠልሁት። በቃሌ ግን አለ። ከነቁጥሩ፣ ከነቀኑ።

ፓራሹቱ አይጠገንም። አዲስ እሠራለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ፈታሁ። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ቀላል፣ ነፋስ የማያሳልፍ። ለመምህርቷ፣ «የሚለብሰውን ሳላይ እንዴት ልስፋ? ሮኬቱን አምጭልኝ» አልኋት። ሙሉ ካርቶኑን ተሸክማ መጣች!

ከክንዴ ሁለት እጥፍ የሚረዝም የካርቶን ቱቦ። ሹል የፕላስቲክ አፍንጫ። ከስስ ጣውላ የተቆረጡ ሦስት ክንፎች። ቁራጮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኋቸው… የልብስ ቅድ ነው እኮ! ይህ ከዚያ ጋር፣ ያ ከዚህ ጋር። እጄ በላኝ።

«ልሞክረው?» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«እኔማ ጨርሰው እንዲሰጡኝ ነው የምጸልየው» አለች ሕሊና።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ዛሬ ክንፍ አጣበቅሁ። ማስቲሹ ከሁለት ቱቦ ነው የሚቀላቀለው፣ ቶሎ ይደርቃል። ክንፉ ትንሽ ከተጣመመ ሮኬቱ ይጠማዘዛል ይላል መመሪያው። በሁለት እጄ ይዤ እስትንፋሴን ዋጥሁ። ልክ ያኔ አንድ ደንበኛ ገባ።

«እትየ፣ ኮቴ ደረሰ?»

«አትናገር! ይነቃነቃል!»

ሰውየው ደንግጦ እንደ ሐውልት ቆመ። ኮቱን አንድ እጄን ነፃ ሳወጣ ሰጠሁት። በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ወጣ።

ሦስቱም ቀጥ ብለዋል። በክር ለካሁ። ቀጥ!

ማክሰኞ፣ ጥር 5

የሚዛን ፈተና። ሮኬቱን ወገቡ ላይ በገመድ አስሮ በራስ ዙሪያ ማሽከርከር። አፍንጫውን አስቀድሞ ከሄደ ደህና ነው። ግቢ መሀል ቆሜ ሳሽከረክር ጎረቤቴ ማርያማዊት በአጥሩ ብቅ አለች።

«ካሱ! ወንጭፍ ጀመርሽ? የማንን ማሽላ ልትጠብቂ ነው?»

«ሮኬት ነው።»

«ውይ! ማንን ልትመችበት?»

«ማንንም። ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ወደ ላይማ ተይ። እዚያ ያለው ከተቆጣ ለእኔም ይተርፋል።»

አፍንጫውን አስቀድሞ ሄደ! በዚህ ዕድሜዬ ግቢ ውስጥ ዘለልሁ። ማርያማዊት ሰው ሁሉ ትጠራለች ብዬ ነበር። እሷም ዘለለች።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ውርደት! ፓራሹቱን ለመሞከር ከትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ግማሽ ኪሎ ጨው አስረን ለቀቅን። አልተከፈተም። እንደ ድንጋይ ወረደ። ጨው በግቢው ተበተነ፣ ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

ሕሊና ጨርቁን አየችው፣ አየችኝ። «እትየ… ተኩሰውታል?»

በካውያ ተኩሼዋለሁ። እጥፋቱን አሳምሬ፣ ለሙሽራ እንደሚሰጥ ልብስ። ሳልተኩስ ዕቃ ለሰው ሰጥቼ አላውቅማ! እጥፋቱ እንደተጣበቀ ቀረ።

ደግሜ ሠራሁት። ሳልተኩስ፣ አላልቼ አጥፌ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ። ሁለተኛው ጨው እየተንሳፈፈ ወረደ። ቀስ… እያለ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጨርሻለሁ! ቀይ ቀባሁት። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሟል፣ ደንበኛ ሁሉ ይነካዋል።

ግን የት ይተኮስ? የኳስ ሜዳው ጠባብ ነው፣ ቤት ይበዛበታል። ከከተማው ውጭ ደግሞ ሣሩ ደርቋል፤ ሕሊና እሳት ፈርታለች። «ዙሪያው ገላጣ፣ መሬቱ ጠንካራ፣ ሣር የሌለው…» ብላ ከመመሪያው አነበበችልኝ።

«አውድማ ነዋ!» አልሁ። በእበት የተለቀለቀ፣ የተጠረገ። አሁን እህሉም ገብቷል፣ ማሳውም ባዶ ነው።

«ሰፊ አውድማ ያለው ዘመድ አለዎት?»

አለኝ። ጅጋ። ያምሮት።

ምነው አፌን በቆረጠው።

እሑድ፣ ጥር 24

ጅጋ ደርሼ መጣሁ። ከዘሩ ተዝካር ወዲህ ቤቷ ስገባ ሁለተኛዬ ነው። ሁልጊዜ ሰበብ አለኝ፣ ሥራ በዛ፣ አሞኛል… ሰበቤ ሁሉ ያው ደብዳቤ ነው።

ሮጣ ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። «እትየ! በምን ቀን ወጡ! ረሱን እኮ!» ባሏ እንድሪያስ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስለ አውድማው ስነግራቸው እንድሪያስ ሳቁ አልቆም አለው። «ጤፍ ስናበራይበት ኖረን ደግሞ ሮኬት? በሬዎቹ እንዳይሰሙ!»

ያምሮት አልሳቀችም። «በስንት ሰከንድ ነው የሚወጣው?» አለች።

ልነግራት ነበር የሄድሁት። መጀመሪያ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ከፈቀደች አውድማውን እለምናለሁ ብዬ። ተገለባበጠ። አውድማውን ወሰድሁ፣ እውነቱን ይዤ ተመለስሁ። አሁንማ ሁለት ጊዜ ሌባ ሆንሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው የሮኬቱ ሞተር ከአዲስ አበባ በፈቃድ መጣ። ቀበሌውም ፖሊስም ፈቀዱ። ከነገ ወዲያ! ሲበር ሳላይ ከሞትሁ እቆጫለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

በረረ!!

በቅደም ተከተል ልጻፍ። 

አውድማው ተጠርጎ ጠበቀን። ሕሊና የማስወንጨፊያውን ዘንግ መሀል ላይ ተከለች፣ ሽቦውን እስከ ባትሪው ዘረጋች። ሰው ሁሉ ከማሳው ዳር። ከዚያ ማዕዘን መለኪያውን፣ ክር የተንጠለጠለበትን፣ ለያምሮት ሰጠቻት። «መቶ ሜትር ርቀው ይቁሙና ጫፉን ይዩልኝ፤ ከፍታውን በኋላ አሰላለሁ።»

ያምሮት መለኪያውን አገላበጠችው። «የበለጠ ርቄ ብቆምስ? አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ካየሁት ርቀቴና ከፍታው እኩል አይደሉም?»

ሕሊና አፏን ከፈተች። ያምሮት ሰፋፊ እርምጃ እየቆጠረች ሄደች። ሦስት መቶ።

ቁልፉን እንድጫን ለእኔ ሰጡኝ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት… ሹውውው! ሳየው የለም! ነጭ ጭስ ብቻ። አንገቴ ተሰበረ ስል ያች ነጥብ ቆመች፣ ፖፍ አለች፣ ጃንጥላዬ ተከፈተ። ሳይጣበቅ! እልል አልሁ። እኔ፣ በሠርግ እንኳ ድምፄ የማይሰማ። እንድሪያስ ኮፍያውን ወረወረ።

ያምሮት ከሩቅ ጮኸች፣ «አርባ ሁለት! ከሦስት መቶ ያንሳል፣ ሁለት መቶ ሰባ ገደማ!»

ሕሊና በስልኳ አሰላች። ሁለት መቶ ሰባ።

ያን ጊዜ ነው ዛሬውኑ ልነግራት የወሰንሁት።

ሮኬቱ ከግራር ሥር ወደቀ። ለያምሮት ነበር የሚቀርባት፣ እኔም ሮጥሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷ የፓራሹቱን ገመድ ትጠቀልላለች።

«ያምሮት። አልፈሽ ነበር።»

«ምኑን እትየ?»

«የማሠልጠኛውን ፈተና። ደብዳቤው መጥቶ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

መጠቅለሏን አላቆመችም። «ምን ይላል?»

በቃሌ አልሁላት። ወይዘሪት ያምሮት አድማሴ፣ ባስመዘገቡት ከፍተኛ ውጤት መመረጥዎን እየገለጽን… እስከ ማኅተሙ።

«ድገሚው።»

አንች አለችኝ። ከእኛ ቤት ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደገምሁላት።

«እኔ እኮ የወደቅሁ መስሎኝ ነው» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት። ትልቋ ልጄ ሒሳብ ከበደኝ ብላ ከስምንተኛ ስትወጣ፣ ከእኔ ወርሳ ነው ብዬ ዝም አልኋት።»

ይህን አላውቅም ነበር። የደበቅሁት አንድ ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሮኬቱን ይዛ ሄደች። ከሰዎቹ ጋር ስትደርስ ለሕሊና አስረክባት ወደ ቤቷ ገባች። እኔንም አልተሰናበተችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ምንም አልሰፋሁ። እሑድ ስለሆነ አይደለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ሕሊና መጣች። ያምሮት ደውላላት ነበር። ሁለተኛው ሞተር መቼ ይመጣል ብላ ጠየቀቻት፣ አውድማው ባዶ ነው አለቻት። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍም አዘዘቻት። ሁለት። «አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለእኔ።»

ለእኔም መልእክት አለኝ። «ያን ቀን የሰማሁት ገና አልገባኝም። ጽፋ ትላክልኝ። ምክንያቱንም ሳታስቀር። ካነበብሁ በኋላ ልምጣም ልቅርም እኔ አውቃለሁ። ለእትየ እንዲህ በያት።»

እትየ ያለችው እሷ ናት ወይስ መምህርቷ ጨምራው ነው? አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

እንደ አዲስ ልጽፍላት ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ጀመርሁ፣ ሦስቴም ራሴን ሳሳምር አገኘሁት። ምክንያቱ እዚህ ደብተር ላይ አለ፣ ሳይተኮስ። ሮኬቱ ይበዛበታል፣ ደስታዬም ይበዛበታል… እንዲህ እያጠፉ እንዲህ ደስ ይላል ወይ ትለኝ ይሆናል። ገጹን ቀድጄ ላውጣ? አላወጣም። ደስ ብሎኝ እንደነበረም ትወቅ።

ነገ ጅጋ እሄዳለሁ። ደጇ ድረስ። ካላስገባችኝ ሰጥቻት እመለሳለሁ።

ይህ ደብተር ለያምሮት አድማሴ ነው።