ካርቦን ያልገባበት አቤቱታ

ደሴ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ውድ ይስማው፣

ገበታዬ ላይ የነገርኩህን ቃል ወስደህ ጻፍከው፤ በእሱም አሥራ አራት ወር አሳሰርከኝ።

ሰላምታውን ያዘገየሁት ከጥላቻ አይደለም። ያስተማርኩህ እንዲሁ ነው። «በደሉን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጥ፤ ዳኛ ደክሞታል፤ ለምን እንደመጣህ ሳያውቅ ወደ ሁለተኛው መስመር አታስኪደው» እልህ ነበር። አሁን ሰላም ልበልህ። እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከዳገቱ ጋር ተጣልቷል፤ ዓይኔ ግን ያያል፤ እጄም አይንቀጠቀጥም። ይህን ከጽሑፉ ትረዳዋለህ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር አሁንም አለሁ። ጃንጥላው አንተ ከሄድክ ወዲህ ሦስተኛው ነው። ቦታው ያው ነው። ከጎኔ ያሉት ወጣቶች ኮምፒውተርና ማተሚያ አምጥተዋል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ድሮ የሚያውቀኝ ባላገርና ከእነሱ ወረፋ የሰለቸ ነው። ይበቃኛል። ጠዋት ጠዋት ሁለት በርጩማ ከሱቁ አወጣለሁ። አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ታውቀዋለህ።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ የላክሃቸው ሽማግሌዎች መጡ፤ ሐጂ ጀማሉዲንና መሪጌታ ሞላ። ሐጂ እንደ ልማዱ ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«አግማስ፣ ልጅህ ቅዳሜ ደሴ ይገባል።»

«ልጅ የለኝም» አልኩት።

«ይስማውን ነው የምልህ።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

መሪጌታ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩን ዘረጋው። ፒያሳ፣ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ የምረጡኝ ስብሰባ እንዳለህ፣ ከጎንህ እንድቀመጥልህ እንደምትፈልግ፣ «ያሳደገኝ ሰው» ብለህ እንደምታስተዋውቀኝ፣ ስላለፈውም ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገረኝ።

«ምን አጠፋሁ ብሎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»



«በጥቅሉ ነው» አለ መሪጌታ። «ባለፉት ዓመታት ለተፈጸሙ ስህተቶች ብሎ...»

«ማን ፈጸማቸው? ዝናቡ ነው?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ» አለ ሐጂ፣ «አንድ ፎቶ ነው። ፎቶ አይነክስ።»

«አንተ ስላልተነሳህ ነው። እኔን ከፊትም ከጎንም አንስተውኛል።»

ሐጂ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ መልአከ ሞት ሲመጣበት እንኳ ማመልከቻ አምጣ ይለዋል።»

«ቴምብር የተለጠፈበት» አለ መሪጌታ ሞላ።

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ እንደማልመጣ ነገርኳቸው፤ ሄዱ። ሐጂ የተቀመጠው ባንተ በርጩማ ላይ ነበር። ሰው ሲቀመጥበት ዛሬም ደስ አይለኝም፤ ተነስ ግን አልልም።

በ1984 ነው የመጣኸው፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከአባትህ ጋር። አባትህ ስለ እርሻው ድንበር ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ፊት ለፊቴ ቆመሃል። ድንገት «ጋሼ፣ ወንዙ በስተምዕራብ ነው እንጂ በስተምሥራቅ አይደለም» አልከኝ። ቀና ብዬ አየሁህ። ወረቀቱ ለእኔ ቀጥ ብሎ፣ ላንተ ተገልብጦ ነበር። ተገልብጦ ያለ ጽሑፍ እንደ ውኃ ስታነብ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርክ። እኔ ጆንያ ተሸክሜ ስመላለስ ከፒያሳ የሱቅ ጽሑፎች ላይ ፊደል የለቀምኩ፣ የሕግ መጽሐፍ በኩራዝ ብቻዬን ያነበብኩ ሰው ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝምና ተማሪ ሳይ ልቤ ይከዳኛል። በማግስቱ ብቻህን ተመልሰህ መጣህ። ሁለተኛውን በርጩማ ያን ቀን ነው የገዛሁት።

አራት ዓመት አብረን ተቀመጥን። የማስታውሰውን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም። አንዱን ብቻ ልጻፍ። ሐምሌ ነበር፤ በረዶ ወረደ፤ ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው። ከቢስቲማ የመጡ አንዲት ባልቴት ማስረጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ሲሮጥ አንተ ጋቢህን ወረቀቱ ላይ ጣልክና በላዩ ተደፋህ። በረዶው ጀርባህን ሲደበድብህ ቆየ። ስትነሳ ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አንዲት ጠብታ አልነካውም። አረጋሽ ያን ቀን ማታ ቤታችን ጀርባህን በቅቤ እያሸች ሰደበችህ። «ወረቀት ቅጂው ይገለበጣል፤ አንተን ከየት እገለብጥሃለሁ?» አለችህ።

ልጅ እንዳልወለድን ታውቃለህ። እሷ ሳህኑን ስታቀርብ ቅቤው ያለበትን ወገን ወደ አንተ ታዞረው ነበር። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር።

ቀበሌ ጸሐፊ ሆነህ ስትቀጠር ብዕሬን ሰጠሁህ። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ገባህ። ምን እንደምትሠራ ስጠይቅህ «የጸጥታ ሥራ ነው ጋሼ» አልከኝ። ጫማህ እየተወለወለ፣ ወሬህ እያጠረ ሄደ። ቢሆንም በየሳምንቱ እሑድ ቤታችን ትበላ ነበር።

በ1998 ጥቅምት ላይ ኮምቦልቻ ሱቃቸው እንዲፈርስ የታዘዘባቸው አርባ ሁለት ሰዎች ማመልከቻ አጻፉኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ መልስ አላገኙም። እሑድ ገበታ ላይ አነሳሁት። «ዘንድሮም መልስ ካጡ ከእነሱ ጋር መንገዱ ላይ እቀመጣለሁ» አልኩ። አረጋሽ «በዚህ ጉልበትህ? ማን ሊያነሳህ?» ብላ ሳቀች። አንተም ሳቅህ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ነን።

በዘጠነኛው ቀን ወሰዱኝ። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ሙቀቱ ለደሴ ሰው ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማኝ ከሐረጎ ቁልቁለት የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬን ነበር። መርማሪው ወጣት ነው፤ «መንገዱ ላይ እቀመጣለሁ ብለሃል» አለኝ። ቃሉ ሳይጎድል፣ እንደተናገርኩት።

ያን ቃል የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንተን መጠርጠር አልቻልኩም። ስለዚህ ሚስቴን ጠረጠርኩ።

ሦስት ቀን ጠረጠርኳት። ለጎረቤት አውርታ ይሆናል አልኩ። ፈርታ ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ቀን ምሳ በሳህን ቋጥራ ከደሴ ድረስ ይዛ መጣች፤ በጥበቃ እጅ ገባልኝ፤ አልበላሁትም። እንደተቋጠረ መለስኩባት። ይህን እሷ እስክትሞት አልነገርኳትም። ላንተም ባልነግርህ እወድ ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ጥቆማውን አውጥቶ ከመጀመሪያው አነበበልኝ። በደሉ በመጀመሪያው መስመር ነበር። ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ቦታ፣ ከዚያ የተባለው ቃል በጥቅስ። ምሬት የለበትም፣ ስድብ የለበትም፣ አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። መጨረሻው ላይ «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ስም አልነበረውም። አላስፈለገም። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይሁንና ልክ እንደ ድሮው አርሜዋለሁ፤ «መንገድ ለመዝጋት ዶልቷል» የሚለውን መስመር እኔ ብሆን እሰርዘው ነበር። ያየኸውን ጻፍ እንጂ የምትጠረጥረውን አትጻፍ ብዬህ አልነበር?

እንግዲህ ልብ አድርግ። አሥራ አራቱን ወር ጠጥቼዋለሁ፤ ብዙ ሰው ከእኔ የባሰ ጠጥቷል። የማልውጠው ሦስቱን ቀን ነው።

ስፈታ ለማንም አልተናገርኩም። አረጋሽ በየበዓሉ ድርሻህን ታስቀምጥ ነበር። «ይስማው ምን አጠፋንበት?» ትለኛለች። «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። ውሸት ከአፌ የወጣው በዚያ ጉዳይ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሄደህ የአገር ውስጥ መረጃው ሁሉ ኃላፊ ስትሆን እውነትም ሥራ በዝቶብሃል ብላ አመነችኝ፤ ጎረቤቱንም ጠርታ «ልጄ ነው» እያለች በቴሌቪዥን አሳየችህ። አንድ ጊዜ መኪኖችህ በፒያሳ አለፉ። ቆሜ ነበር። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ አይተኸኝ ይሁን አላውቅም። ካየኸኝ፣ ቆሜ የነበርኩት አንተን ለማየት ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት አረጋሽ ስትሞት ድንኳንና ወንበር የጫነ መኪና ላክህ። ሳይራገፍ መለስኩት። ለቅሶ በመኪና አይደረስም። ያን ጊዜ ከሥልጣን ከወረድክ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው ልል እንኳ አልቻልኩም። መጥተህ ቢሆን መሬት ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። አንድ ቃል አልናገርህም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በሩን እያየሁ ዋልኩ። ሰው «አግማስ ዕንባ የለውም» አለ። እኔ የምጠብቀው ስለነበረኝ ነው።

አሁን ፓርቲ አቋቁመሃል፤ ዕጩ ነህ። የፖለቲካ ፕሮግራምህን አንድ ደንበኛ አምጥቶልኝ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ይህ ሕዝብ ተሰሚነት ተነፍጓል» ይላል። በደሉን በመጀመሪያው መስመር። ኮራሁ። መኩራቴን ጠላሁት፤ መልሼ ግን አነበብኩት።

ከጠቋሚ ከምትሰማው ከእኔ ስማው፤ ሁስኒያን ታውቃታለህ፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠዋን። ወንድሟ ዐቂል በዚያው ዓመት እዚያው መጋዘን፣ ያንተ መሥሪያ ቤት ሰዎች ዘንድ ታስሮ ነበር፤ ዛሬ ቀኝ እጁን አያነሳም። ባለፈው ወር በዕጩነትህ ላይ አቤቱታ አጻፈችኝ። ጻፍኩላት። ስምህን በመጀመሪያው መስመር አስገባሁ። ዐቂልን መጋዘኑ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁና በምስክርነትም ፈርሜያለሁ። ያየሁትን አልክድም፤ ላንተም ብዬ አልክድም።

ከፈረምኩ በኋላ «ጋሽ አግማስ፣ የርስዎንስ ለምን አብረን አንጨምረውም? እርስዎን ማን እንዳሳሰረዎት አያውቁም?» አለችኝ።

«የእኔን ተይው።»

«ለሱ እያዘኑለት ነው?» አለች። ተቆጥታ ነበር፤ መቆጣትም ይገባታል።

የእሷ ጉዳይ የሕዝብ ነው፤ ዳኛ ሊያየው ይገባል። የእኔ የገበታ ነው። ዳኛ ፊት ባቀርበው የመለስኩትን የአረጋሽን ሳህን አብሬ ማቅረብ አለብኝ። እሱን ለማንም አላቀርብም።

እንግዲህ ቅዳሜ አልመጣም። ከጎንህ ያለውን ወንበር ለሌላ ሰው ስጠው። ብትመረጥም ባትመረጥም ግን፣ ከምርጫው በኋላ፣ በማንኛውም የሥራ ቀን፣ ሰው ሳታስከትል በእግርህ ና። የበርጩማውን ጠፍር ዘንድሮ አስቀይሬዋለሁ። ስትመጣ ስለዚህ ነገር አትናገረኝ። ይቅርታም አትበለኝ፤ በጥቅሉም በዝርዝሩም። ቁጭ በል። ወረፋ ካለ አንዱን ባላገር ተቀበልና ጻፍለት። ዝናብ ከጣለ ወረቀቱን እንሸፍናለን።

የሁስኒያን አቤቱታ በሦስት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ አንዱ እጇ ላይ ነው፣ አንዱ ገብቷል፣ አንዱ እኔ ዘንድ አለ። በአርባ ስድስት ዓመት ሥራዬ ቅጂ ሳላስቀር የሰጠሁት ወረቀት የለም፤ ይህንንም ታውቃለህ። በዚህኛው ደብዳቤ ግን ካርቦን አላስገባሁም። ያለው አንድ እሱ ነው፤ እጅህ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንብበው፣ ወይም አቃጥለው፤ ውሳኔው ያንተ ነው፤ እኔ የምጠቅሰው ማስረጃ አይኖረኝም።

ከላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን ለዳኛም፣ ለሽማግሌም፣ ለነፍስ አባቴም፣ በርጩማህ ላይ ብትቀመጥ ላንተም አላነሳውም።

አግማስ ይመር
ማመልከቻ ጸሐፊ
ፍርድ ቤቱ በር፣ ደሴ