ፍሪጃችን ውስጥ የነበረው የፕሉቶ ተራራ

ይድረስ ለታዴ፣

እንደ ደብዳቤ ወጉ ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ደህና ነኝ። ሱቁን ከፍቼ እውላለሁ፣ የቃሊቲ የከባድ መኪና ሾፌሮች አሁንም ቀዝቃዛ ውሃ ይገዙኛል። አንተን የሚጠይቅ አይጠፋም። እነግረዋለሁ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል።

የምጽፍልህ ስለ ፍሪጁ ነው። ላይኛው ክፍል የተቆለለውን በረዶ እንዳራግፈው አትፈቅድልኝም ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የቀለጠው እንደገና እየረጋ ቁልሉ ያድጋል። ስልክህ ላይ ያየኸውን የፕሉቶን ተራራ ይመስልሃል። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተራ ወጥታ ድንክ ፕላኔት ተብላለች፤ እሳተ ገሞራዋም የሚተፋው እንደ ገንፎ የወፈረ በረዶ ነው እያልክ ለሾፌሮቹ ታወራ ነበር። ሳይንቲስቶቹ እንኳ ይመስለናል ነው የሚሉት፤ አንተ ግን ደርሰህ የመጣህ ያህል ትምል ነበር። ቀዝቅዛ አልቃለች ሲሏት ሆዷ ውስጥ ሙቀት ተገኘ ትላለህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «የኔ ፕሉቶ» ትለኛለህ፣ ፊቴ ቶሎ ስለማይፈታ። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

በቀብርህ ዕለት አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ልበ ደንዳና ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ ተጣድፌ እንግዳ ሳስተናግድ ላየ ሰው እውነት ይመስላል።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወለሉ በውሃ ርሷል። የእድር ሴቶች ለለስላሳው ቦታ እንዲገኝ ብለው ፍሪጁን አጥፍተው፣ እትዬ ዘነበች በረዶው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰውበታል። ይሄን ሁሉ በረዶ ምን ብለሽ ነው ያስቀመጥሽው ብለው ደግሞ ተቆጡኝ። እዚያው ውሃው ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። እትዬ ዘነበች «እሰይ፣ ወጣላት!» አሉ፤ ሁሉም አብረውኝ አለቀሱ። ለምን እንዳለቀስኩ አልነገርኳቸውም። ሊረዱኝ ነው የመጡት፣ ምን እላቸዋለሁ?

በረዶው እንደገና መቆለል ጀምሯል፤ ገና ቡጢ ያህላል። ለሙት ዓመትህ ሴቶቹ ይመጣሉ። ድስቱንም ትሪውንም ይጠቡ፤ ለስላሳው በባልዲ ውሃ ይቀዘቅዛል። ፍሪጁን ግን እቆልፈዋለሁ፣ ቁልፉም ከጉያዬ አይወጣም። እኔ እስካለሁ ድረስ ማንም አያቀልጠውም።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከፍቼ አየሁት። ትንሽ አድጓል። ናፍቀኸኛል፣ ታዴ።

ያንተዋ ፕሉቶ